ባትሪ ያላት መቋሚያ

ብሥራት አባቷን በኮረንቲ ትቀጣለች ተብሎ በሰፈሩ ሲወራ ነበር። ወሬው ሙሉ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ አባቷ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል አርጅተዋልና ማኅሌት ላይ ያንቀላፋሉ፤ ልጅቱ ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ የምትሠራ የተማረች ሴት ናትና አፈረች፤ ስለዚህ መቋሚያቸው ውስጥ ኮረንቲ ቀበረችባቸው፤ ዓይናቸው ክድን ሲል መቋሚያዋ ትይዛቸዋለች፣ እሳቸውም ብንን ብለው ዜማውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ቤቷ ተቀምጣ በስልኳ እየተጫነች ነው የምታስነሣቸው ብሎ የጨመረበትም አለ። አንዷማ ኮረንቲው ሲይዛቸው ፀጉራቸው ሲቆም በዓይኔ አይቻለሁ ብላለች። መሪጌታ ከጥምጣማቸው በታች ፀጉር እንደሌላቸው የሚያውቅ ሰው እዚያው ሊያርማት ይችል ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ጥሩ ወሬ መሐል ማን ይገባል።

እውነቱ ሌላ ነው። መሪጌታ ማኅሌት ላይ አንቀላፍተው አያውቁም። የሚያንቀላፉት ስብከት ላይ ነው፤ እሱንም ብቻቸውን አይደለም። መቋሚያቸው ላይ የታሰረችው ባትሪም ዝንብ አታስደነግጥም። የሰፈሩን ስም ግን አልጠራም። ባሕር ዳር ነው፣ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ይኸው ይብቃ። ለምን እንደደበቅሁት መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ብሥራት የተወለደችው ዜማ በሚዜምበት ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ ከይፋግ ገና በልጅነታቸው ወጥተው፣ ጣና ዳር ካሉት ገዳማት በአንዱ ተምረው ባሕር ዳር ሲገቡ፣ ይዘው የመጡት አንድ መቋሚያና አንድ ጉሮሮ ብቻ ነበር። ሁለቱም እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ ጋር ስለማትቀመጥ ብሥራት ጓዳ ሆና በግድግዳው በኩል ትሰማ ነበር። ተማሪው ሲስት እሷ ከውስጥ ታቃናዋለች፤ አባቷ ማን እንዳቃናው ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ። ሌላውንም ትምህርት ሁሉ በዚሁ ልማድ ነው የተማረችው፤ ማንም ነይ ሳይላት፣ ከግድግዳ ኋላ ሆና። የቤቱን ሬዲዮ ፈታ ገጠመችው። ሁለተኛ ጊዜ ፈታ ሳትገጥመው ቀረች። አሁን በኮሌጁ የላብራቶሪ ረዳት ናት፤ ሥራዋም ተማሪዎች ያቃጠሉትን መተካት ነው። ንግግር አታበዛም። ባልም አላገባችም፤ ይህን እንዳትረሳው ሰፈሩ በየጊዜው ያስታውሳታል።

የመሪጌታ ዓይን የደከመው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያ መጽሐፉ ራቀ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀሩላቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ እግራቸው ያውቀዋል። ችግሩ መንገዱ ያለበት አይገኝም። ትናንት ባዶ በነበረው ቦታ ዛሬ ባጃጅ ይቆማል። አሳ ጠባሿ አገርነሽ መጥበሻዋን ነፋሱ ወደሚስማማት ጥግ ታዞራለች። የቦዩን ክዳን አንዱ ለራሱ ጉዳይ አንሥቶ ይወስደዋል። አንድ ጠዋት ያ ክዳን በተነሣበት መሪጌታ ቦዩ ውስጥ ገቡ። አጥንት አልተሰበረም፤ ነጩ ጋቢ ብቻ ሌላ ቀለም ሆኖ ወጣ።

«ከእንግዲህ ሰው ይዞዎት ይሂድ፣ አባባ» አለቻቸው ብሥራት፣ ጉልበታቸውን በሞቀ ውኃ እያሸች።

«ማን?»

«ከተማሪዎቹ አንዱ።»

«እኔ ስመራቸው ኖሬ እነሱ ሊመሩኝ?»

«ተራው ደረሳቸው ይበሉ።»

«እንደ ሙሽራ እጄን ተይዤ ደጀ ሰላም ከምገባ ቤቴ ተቀምጬ እጸልያለሁ። የወደቅሁ ከቦዩ ነው እንጂ ከሃይማኖቴ አይደለም።»

ብሥራት አባቷን ታውቃቸዋለች። ብቻቸውን መሄድ ካልቻሉ አይሄዱም፤ ካልሄዱ ዜማው ይቀራል፤ ዜማው ከቀረ ሰውዬውም ብዙ አይቆዩም። ስለዚህ እሳቸውን ማሳመን ትታ መቋሚያዋን ለመለወጥ ተነሣች።

ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ መምህር ትቶላት የሄደ የእጅ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር ነበረቻት። ክዳን የላት፣ ማያ የላት፣ አንጀቷ ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሰጣ ነው። ከቴሌቪዥን ጋር ስትገናኝ ቴሌቪዥኑ ማያዋ ይሆናል። ከሷ ሌላ ደግሞ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ማይክሮኮንትሮለር አላት። ትልቋ ብዙ ታስባለች፣ ብዙ ኃይልም ትበላለች፤ መቋሚያ ላይ አትታሰርም። ትንሿ አንድ ሥራ ብቻ ታውቃለች፤ ግን እሱን ባትሪዋ እስኪያልቅ ትሠራለች። ያን አንዱን ሥራ የሚያስተምራት ሲኖር ነው ታዲያ።

አንድ ቅዳሜ ብሥራት ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሽቦ ስታያይዝ መሪጌታ መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ፤ በጣታቸውም ዳበሷቸው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ኮምፒውተር ናት፣ አባባ። ያችኛዋ ትንሿ ማይክሮኮንትሮለር ትባላለች።»

«ስሟ ከራሷ ይረዝማል።»

«ትንሿ አሁን ምንም አታውቅም። በትልቋ ጽፌ በሽቦ እነግራታለሁ። አንዴ ከያዘች መብራት ቢጠፋም አትረሳም። ከዚያ ሽቦውን ነቅዬ መቋሚያዎ ላይ አስራታለሁ።»

«ትልቋ የኔታ ናት፣ ትንሿ ተማሪ።»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ተምራ ከወጣች በኋላ የኔታዋን ትጠይቃለች?»

«አትጠይቅም። አያስፈልጋትም።»

«እንደኔዎቹ ናታ» አሉ መሪጌታ፤ ከዚያች ቀን ጀምረውም ትንሿን ተማሪዬ ይሏት ጀመር።

ማያያዙ ሲያዩት ቀላል ነው። የትልቋ መናገሪያ ከትንሿ መስሚያ፣ የትንሿ መናገሪያ ከትልቋ መስሚያ ይገናኛል፤ አንድ ሽቦ ደግሞ ሁለቱን በአንድ መሬት ላይ ያቆማቸዋል። ብሥራት መጀመሪያ ቀን አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ አገናኘች። ሁለቱም ይናገራሉ፣ ማንም አይሰማም፤ አገርነሽ መጥበሻ ዙሪያ ማለት ነው። እሱን አዟዙራ አቃናችው። ቀጥላ ያን የጋራ መሬት የሚሆነውን ሽቦ ረሳችው። አሁን ይሰማማሉ፣ ግን የሚሰማው ቋንቋ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግማሽ ፊደል፣ ግማሽ ቁጥር፣ ግማሽ የዶሮ ጭረት የመሰለ ነገር ይጎርፋል።

በዚያች ሰዓት ነው አገርነሽ ወንፊት ልትዋስ የገባችው። ቴሌቪዥኑን አየች። ጥቁር ነው፣ ፊልም የለውም፣ ስሙ የማይታወቅ ጽሕፈት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መሪጌታን አየች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለች።

«ለተማሪዬ ቀለም እየተነገራት ነው» አሏት መሪጌታ።

አገርነሽ ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። ተማሪ የለም። ወንፊቱን ሳትወስድ ወጣች። የወሬው ግማሽ ያን ቀን ተቦካ ማለት ይቻላል፤ የቀረው መጋገር ብቻ ነበር።

ሽቦው ሁሉ ቦታውን ሲይዝ ትንሿ የተነገራትን ተቀበለች። የተነገራት ይህ ነው፦ መቋሚያዋ ላይ፣ ከመሐሏ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ዓይን የመሰለ የድምፅ መለኪያ ይታሰራል፤ እንደ ሌሊት ወፍ፣ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ፊት ይልካል፤ ድምፁ ነገር ነክቶ ቶሎ ከተመለሰ ነገሩ ቅርብ ነው። ነገሩ ሲቀርብ ተማሪዋ ለመሪጌታ እጅ ትነግራለች። የምትነግርበት ደግሞ ስልክ ጠጋኙ ኪዲ ከሞተ ስልክ ነቅሎ የሰጣት፣ ስልክ ቫይብሬት ሲያደርግ የሚንቀጠቀጠው ሽክርክሪት ነው። ሩቅ ሲሆን ቀስ ይላል፣ ሲቀርብ ይቸኩላል። ይኸው ነው። አስማትም፣ ቅጣትም የለበትም።

በማግስቱ መሪጌታ መቋሚያዋን ይዘው ወጡ። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ኪሩቤል እንደ ልማዱ ባጃጁን የእግረኛው መንገድ ላይ አቁሞ ቁጭ ብሏል። መሪጌታ ደርሰው ቆሙ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ አለፉ።

«መሪጌታ፣ ዛሬስ ሳይነኳት አለፉ» አላቸው ኪሩቤል።

«አየኋታ።»

«በምን?»

«በእጄ።»

ኪሩቤል ይህን ለሚቀጥለው ተሳፋሪ ነገረ፤ ተሳፋሪውም ሲወርድ ይዞት ወረደ።

ብዙም ሳይቆይ የደብሩ ንግሥ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ታቦቱ ወጥቶ ሲቆም ሊቃውንቱ ሁለት ረድፍ ሆነው ፊት ለፊት ተሰለፉ። መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል በቦታቸው ናቸው፤ ብቻቸውን ሄደው የቆሙበት ቦታ ስለሆነ ከወትሮው ቀና ብለዋል። ብሥራት በሴቶች በኩል ነጠላዋን አስተካክላ ታያቸዋለች። ዝማሜው ተጀመረ።

ዝማሜ ማለት ዜማውን በመቋሚያ መሸኘት ነው። መቋሚያው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ይዘነብላል፤ ከፊት የቆመው ረድፍም እንዲሁ። ተማሪዋ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ አይታ አታውቅም። መቋሚያ መጣ፣ ሄደ፣ ሰው መጣ፣ ሦስት መቋሚያ አብሮ መጣ። እንደተነገራት ሁሉንም ለመሪጌታ አንድ በአንድ መናገር ጀመረች። መቋሚያዋ ትርርር አለች፣ ቆመች፣ ትርርር አለች፤ ከዚያ በኋላ መቆሟንም ተወችው።

ብሥራት ዝማሜን ከሕፃንነቷ ጀምራ አይታለች። ሽቦ ስታያይዝ ግን መቋሚያ ለእሷ የመንገድ ምርኩዝ ብቻ ነበረች፤ እንጨቷ ቅኔ ማኅሌት ገብታ ሌላ ሥራ እንዳላት አንድ ጊዜም ትዝ አላላትም። መሪጌታም አላነሡላትም። ኋላ ለምን ብትላቸው የመለሱት ይህን ነው፦ «ከቤቴ ተምራ የወጣች አይደለችም? ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ዝም ማለት ታውቃለች ብየ ነው።»

ከጎናቸው የቆሙት መርስዔ ኀዘን የሚባሉ ግዙፍ ዘማሪ ናቸው። የመሪጌታ መቋሚያ ስትንቀጠቀጥ አዩና ሽማግሌው ሊወድቁ ነው ብለው በሙሉ እጃቸው ያዟት። ያዟትና ለቀቋት። ከዚያ፣ ዜማው ትንፋሽ በወሰደባት በዚያች ቅጽበት፣ በረጋ ድምፅ፣ «ኮረንቲ ያዘኝ» አሉ።

ምእመናኑ በሙሉ ሰሙ። ሕዝቡ ከቅጥሩ በር ሲወጣ አገርነሽ ቀድሞ የነበራትን ግማሽ ከዚህኛው ግማሽ ጋር ገጥማ ጨርሳ ነበር።

የደብሩ አለቃ መሪጌታን ጠርተው፣ በትሕትና፣ መቋሚያዋ ከቤት ትቅር፣ እርስዎ በሰው እየተያዙ ይምጡ አሏቸው። መሪጌታ እጅ ነሥተው ወጡ። በሚቀጥለው እሑድ አልሄዱም። በሌላውም አልሄዱም። ተማሪዎቹ ወደ ቤት እየመጡ ዜማቸውን ይቀጽላሉ፤ እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ይሰማሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዱ ተማሪ ዜማውን ስቶ ሄደ፣ ሄደ፣ ማንም አልመለሰውም። ብሥራት ጓዳ ሆና አባቷ እስኪያርሙት ጠበቀች። አላረሙትም። እሷው ከውስጥ አቃናችው።

ያንኑ ቀን መቋሚያዋን ፈትታ ተማሪዋን እንደገና ከየኔታዋ ፊት አቀረበቻት። በችኮላ እንደገና አፍን ከአፍ አገናኘች፤ ነቀለች፣ አዟዟረች፣ መሬቱን አሰረች። የቀድሞው ትምህርት እንዳለ ሆኖ አንድ አዲስ ነገር ተጨመረበት፤ ከመቋሚያዋ ራስ ሥር፣ የመሪጌታ አውራ ጣት በሚያርፍበት፣ ትንሽ ቁልፍ። አንዴ ሲጫኑት ትተኛለች፣ ባትሪም አትበላም። ሌላ ጊዜ ሲጫኑት ትነቃለች።

«ደጁ ላይ ሲደርሱ ያስተኟታል። ሲወጡ ይቀሰቅሷታል» አለቻቸው።

«ይህን መጀመሪያም ልትማረው ይገባ ነበር» አሉ መሪጌታ። «ጥፋቱ የየኔታዋ ነው።»

አለቃው መቋሚያዋ ስትተኛ በእጃቸው ይዘው አዩ፣ ፈቀዱ። መርስዔ ኀዘንም ይሞክሩ ተባሉ፤ በሁለት ጣት፣ በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ ደህና ናት አሉ።

ከዚያ ወዲያ መሪጌታ ያለ አንድ እንቅፋት ይመላለሱ ጀመር። ጋቢው ነጭ ሆኖ ይሄዳል፣ ነጭ ሆኖ ይመለሳል። ዜማውም ወደ ጉሮሯቸው ተመለሰ፤ ተማሪዎቹም ተቆጪ አገኙ። ብሥራት በሥራዋ ደስ አላት፤ ለማንም ባትናገርም። አንድ ነገር ብቻ አልገባትም። ባትሪውን ልትሞላ በየጊዜው ትፈታዋለች፤ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሳይሰሙ ከኋላቸው ተከተለቻቸው።

መሪጌታ ከአጥሩ ሲወጡ አውራ ጣታቸው ቁልፉ ላይ አልነበረም። መቋሚያዋ ተኝታለች። እሳቸው ግን መሐል መንገዱን ይዘው፣ ቀና ብለው፣ እንደ ጎልማሳ ይሄዳሉ። ከፊታቸው ደግሞ መንገዱ ራሱን ይጠርጋል። ኪሩቤል ከሩቅ አይቷቸው ባጃጁን አስነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ። አገርነሽ የጋለ መጥበሻዋን በጨርቅ ይዛ ጎተተች፤ ዘይቱ እጇ ላይ ሲፈናጠር እንኳ አልቆመችም። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች እግራቸውን ሰበሰቡ። በግ የሚጎትት ሰውዬ በጉን አቅፎ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። የቦዩ ክዳን በቦታው ነው፤ መሪጌታ ቢሰናከሉና መቋሚያዋ የነካችውን ሁሉ ብትይዝ ኃላፊነቱን የሚወስድ ስላልተገኘ፣ ወስዶት የነበረው ሰው መልሶታል።

«እንደምን አደሩ፣ መሪጌታ» ይላል ሁሉም፤ ከማዶ ሆኖ።

ቤት እንደተመለሱ ብሥራት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ለምን አያበሯትም?»

«ለምኔ? መንገዱ ባዶ ነው። ሰዉ ጨዋ ሆኗል።» መቋሚያዋን በእጃቸው ዳበሱ። «ሰላምታ ብቻ ከሩቅ ሆነ። ዱሮ አንዱ ትከሻየን ይስመኛል፣ አንዱ እጄን ይዞ እስከ መንገዱ ጫፍ ያወራኛል። አሁን የሚነካኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው።»

«ብቻዎን መሄድ አይሻልም?»

«ብቻየን መሄድ ይሻለኛል» አሉ መሪጌታ፤ ወዲያው ነው የመለሱት። ከዚያ መቋሚያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተማሪዎቹን ተጣሩ።

ሰዉ ለምን እንደራቃቸው ያወቁ ይሁን ያላወቁ ብሥራት አልጠየቀችም። እሷም ወሬውን ልታስተባብል አንድ ሁለት ጊዜ አስባ ነበር፤ የአባቷ ቀጪ ተብሎ መኖር ቀላል አይደለም፤ በዚያ ላይ ባል ሊጠይቅ የሚመጣም ካለ መጀመሪያ የሚሰማው ይህን ነው። ማስተባበሉን ግን አንድ ጊዜም አልጀመረችውም።

ባለፈው ሰሞን ሔራን የምትባል የባንክ ሠራተኛ ሰፈሩ ውስጥ ቤት ተከራየች። ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣች፣ ሳቅ የምትወድ ሴት ናት። መኪናዋን እግረኛው መንገድ ላይ፣ ልክ አገርነሽ መጥበሻ ፊት ለፊት አቁማ አሳዋን ስትጠብቅ፣ ከዳገቱ መሪጌታ ብቅ አሉ። ኪሩቤል ተነሣ። አገርነሽ ጨርቋን አነሣች።

«እሜቴ፣ መኪናዋን ፈቀቅ ብታደርጊያት» አላት ኪሩቤል።

«ለምን?»

ነገሯት። ሁሉም እየተቀባበለ ነገራት፤ መርስዔ ኀዘን ሦስት ክንድ ተወርውረው እንደወደቁም ጨመሩላት።

ሔራን ሳቀች። «እንዴት እንጨት ኮረንቲ ይይዛል? ደግሞ በትንሽ ባትሪ? የስልክ ቫይብሬት ይሆናል እንጂ። ልነካት ነው፣ እዩኝ።»

አገርነሽ ጨርቋን መልሳ አስቀመጠች። ኪሩቤል ባጃጁን አየ፣ መሪጌታን አየ። ከጎረምሶቹ አንዱ የሰበሰበውን እግር ቀስ አድርጎ መልሶ ዘረጋ። ከዚያ ሁሉም ዞር ብሎ፣ ከኮሌጅ እየተመለሰች አሳ ልትገዛ ወደቆመችው ወደ ብሥራት ተመለከተ።

ብሥራት አባቷን አየች፤ ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ናቸው፣ አውራ ጣታቸው ከቁልፉ ርቋል። መኪናዋን አየች፤ መንገዱን እስከ ቦዩ ድረስ ዘግታዋለች።

«ባትሪው ሙሉ ነው» አለች። «አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።»

ሔራን የመኪናዋን ቁልፍ ፈለገች፤ አገርነሽም ጨርቋን መልሳ አነሣች።